የሚቆመውና የሚለዋወጠው፦ የሰቆጣን ካርታ በስክሪፕት ስንሠራ

ኮድ መጻፍ የጀመሩ ወንድሞችና እህቶች ደጋግመው ከሚያነሱልን ጥያቄዎች አንዱ «የቋሚና የተለዋዋጭ ልዩነት ምንድን ነው?» የሚል ነው። የመማሪያ መጽሐፍ መልሱን በአንድ መስመር ይጨርሰዋል፤ ቋሚ ዋጋው የማይቀየር፣ ተለዋዋጭ ዋጋው የሚቀየር። መልሱ ስሕተት የለበትም። ስክሪፕት ሊጽፍ ለተቀመጠ ሰው ግን አይበቃውም። የሚያስቸግረው ትርጉሙን ማወቅ ሳይሆን ፊቱ ያለውን ነገር ከየትኛው ወገን እንደሚመድበው መወሰን ነው። በዚህ እትም ይህንኑ በአንድ የጨዋታ ካርታ ላይ እናየዋለን።

ካርታው የሰቆጣ ይሁን። የዋግ ኽምራ ዋና ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍ ብላ፣ በ12.63 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስና በ39.03 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ አካባቢ የምትገኝ ናት። በካርታው ላይ መንገድ፣ ገበያ፣ ተራራና መስጂድ እናስቀምጥ። አንድ ተጫዋች ከመንደር ወደ ከተማ ይሄዳል፤ ፀሐይ ትወጣለች፣ ትጠልቃለች፤ ስትጠልቅ የመግሪብ አዛን ይሰማል። ሌላ ምንም አያስፈልገንም።

አዛኑን ያስገባነው ለጌጥ አይደለም። የጨዋታውን ፀሐይ የሚያጠልቁት የኮድ መስመሮች ስልካችን ላይ የሶላት ሰዓት የሚያወጡት መስመሮች ራሳቸው ናቸው ማለት ይቻላል። ጨዋታ ውስጥ ቋሚና ተለዋዋጭ ቢቀላቀሉ ያስቃል። የሶላት ሰንጠረዥ ውስጥ ቢቀላቀሉ ግን የሰው ጾም ይነካል። ሰቆጣን የመረጥነውም ለዚህ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ራቅ ያለች በመሆኗ ስሕተቱ ጎልቶ ይታይባታል፤ ሰኔ መጨረሻ ላይ ትምህርት ሲያበቃ የአዲስ አበባን ሰንጠረዥ በስልኩ ይዞ ወደዚያ የሚሄድ ወንድም ደግሞ አይጠፋም።

ከቀላሉ እንጀምር። መስጂዱ ያለበት ቦታ ቋሚ ነው፤ ተጫዋቹ ያለበት ቦታ ተለዋዋጭ ነው። ይህን ማንም አይስትም። «እንግዲያው መስጂዱን ቋሚ ብዬ መጻፍ ለምን አስፈለገኝ? ካልነካሁት አይቀየር» የሚል ግን ብዙ ነው። መልሱ ሰው ይሳሳታል የሚል ነው። ተጫዋቹ መስጂድ መድረሱን ለማወቅ ሁለቱን ቦታዎች ማወዳደር ያስፈልጋል። በአብዛኞቹ ቋንቋዎች ለማወዳደር የእኩል ምልክት ሁለት ጊዜ ይጻፋል፤ አንድ ጊዜ ከተጻፈ ትርጉሙ «የቀኙን ለግራው ስጠው» ይሆናል። በድካም አንዱን የረሳ ተማሪ እንዲህ ይጽፋል፦

ከሆነ (የመስጂዱ_ቦታ = የተጫዋቹ_ቦታ) አዛን_አሰማ

እንደ ጃቫስክሪፕት ባለ ቋንቋ ይህ መስመር ያለ ተቃውሞ ይሠራል። ውጤቱ ግን ተጫዋቹ ወደ መስጂዱ መሄዱ ቀርቶ መስጂዱ ተነሥቶ ወደ ተጫዋቹ መምጣቱ ነው! ተራራ ላይ ሲወጣ መስጂዱም ተራራ ላይ ይገኛል። የመስጂዱን ቦታ ገና ከመነሻው «ኮንስት» ብለን አውጀነው ቢሆን ኖሮ ፕሮግራሙ እዚያው መስመር ላይ ቆሞ «ይህን መቀየር አይቻልም» ይለን ነበር። ቋሚ ብሎ መጻፍ የነገ ራሳችንን ከዛሬው እንቅልፍ መጠበቂያ ነው። ጃቫ «ፋይናል» የሚለውም፣ በ2002 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የወጣው ዋርክራፍት 3 በካርታ መሥሪያ ቋንቋው ውስጥ «ኮንስታንት» የሚለውም ለዚሁ ሥራ ነው። (ዶታ የተባለው በዓለም የታወቀ ጨዋታ መጀመሪያ ተጫዋቾች በዚያው በዋርክራፍት 3 ላይ የሠሩት ካርታ ነበር። የካርታ ስክሪፕት የልጆች ሥራ ነው ለሚል ጓደኛ ይህን ንገሩት።)

እዚህ ላይ ጀማሪን የሚያደናግር አንድ ነገር አለ። የጃቫስክሪፕቱ «ኮንስት» የሚያስረው ስሙን እንጂ በውስጡ ያለውን አይደለም። የሰጋጆችን ዝርዝር «ኮንስት» ብለን ብናውጅ፣ ዝርዝሩን በሌላ ዝርዝር መተካት አንችልም፤ አዲስ ሰጋጅ መጨመርና መቀነስ ግን እንችላለን። መስጂዱ ቦታውን አይለቅም፣ ሰዉ ግን ይገባል ይወጣል። «ኮንስት አድርጌው እንዴት ተቀየረ?» ብሎ ኮምፒውተሩን የሚከስ ተማሪ ያየነው ብዙ ጊዜ ነው።

ፓይተን ደግሞ ጭራሽ ቋሚ የሚባል ነገር የለውም። ያለው ልማድ ብቻ ነው፤ ቋሚውን በትልልቅ የላቲን ፊደላት ትጽፋላችሁ፣ የሚያነብ ሰው አይቶ እጁን ይሰበስባል። ፓይተን ከ3ኛው እትሙ ጀምሮ የተለዋዋጮችን ስም በግዕዝ ፊደል መጻፍ ይፈቅዳል፣ ይህም ደስ ይላል። ችግሩ የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም። ስለዚህ በአማርኛ ስም የሚጽፍ ሰው «ቋሚ_» የሚል መነሻ ቢለጥፍበት ይሻለዋል እንላለን። ስምና ዋጋ ሁለት ነገሮች መሆናቸውንም አትርሱ።

አሁን ወደ ፀሐይዋ እንሂድ፤ ነገሩ የሚከብደው እዚህ ነው።

ማይንክራፍትን የተጫወተ ሁሉ እንደሚያውቀው እዚያ አንድ ሙሉ ቀን 20 ደቂቃ ነው። ፀሐይዋ ዛሬ በወጣችበት ሰዓት ነገም ትወጣለች፤ ክረምት ከበጋ፣ ሰሜን ከደቡብ አታውቅም። በዚያ ዓለም «የመጥለቂያ_ሰዓት» ቋሚ ቢባል ማንም አይጎዳም። የእኛ ካርታ ግን ሰቆጣ ነው ብለናል፤ ስለዚህ የሰቆጣን ፀሐይ እንመልከት።

ዙሁርን እንውሰድ። ፀሐይ መሐል ሰማይ የምታልፍበት ሰዓት ከሁለት ነገሮች ይሠራል። አንዱ ቋሚ ነው። የኢትዮጵያ ሰዓት የተመሠረተው በ45 ዲግሪ ኬንትሮስ ላይ ነው፤ ሰቆጣ ከዚያ ወደ ምዕራብ 6 ዲግሪ ያህል ትርቃለች፤ ምድር 1 ዲግሪ ለመዞር 4 ደቂቃ ይፈጅባታል፤ ስለዚህ የሰቆጣ እኩለ ቀን ከ6 ሰዓት 24 ደቂቃ ያህል ይዘገያል። ይህ 24 ዓመቱን ሙሉ አይነቃነቅም። ሁለተኛው ተለዋዋጭ ነው። ምድር በፀሐይ ዙሪያ የምትሄድበት ፍጥነት እኩል ባለመሆኑና ዘንበል ብላ ስለምትዞር፣ ፀሐይ በዓመቱ ውስጥ ከግድግዳ ሰዓታችን አንዴ ትቀድማለች፣ አንዴ ትዘገያለች። በዚህ ምክንያት የሰቆጣ እኩለ ቀን በጥቅምት 24 አካባቢ ወደ 6፡07 ሲሆን፣ በየካቲት 4 አካባቢ ወደ 6፡38 ይደርሳል። ግማሽ ሰዓት ነው ልዩነቱ። አንድ ቁጥር ጽፎ የጨረሰ ሰው ግማሹን ዓመት ተሳስቷል ማለት ነው።

መግሪብ ከዚህም ይብሳል፤ ኬክሮስ ይገባበታልና። ከሰንጠረዥ ግርጌ «ለእገሌ ከተማ ይህን ያህል ደቂቃ ይጨመር» ወይም «ይቀነስ» የሚል ማስታወሻ ያላየ አለ ብለን አናስብም። ማስታወሻው ልዩነቱን ቋሚ አድርጎታል። ለሰቆጣና ለአዲስ አበባ እንፈትነው። አዲስ አበባ በ9.03 ዲግሪ ኬክሮስና በ38.75 ዲግሪ ኬንትሮስ ላይ ናት። መስከረም አጋማሽ ላይ፣ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ሰሞን ብናሰላ፣ ሰቆጣ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው ከአዲስ አበባ 1 ደቂቃ ያህል ቀድማ ነው። ተማሪው ይህን አይቶ «ልዩነት = 1» ብሎ ቋሚ ያደርገዋል። መስከረም ላይ ቢፈትነው በትክክል ይሠራል፤ መጋቢት ላይ ቢፈትነውም ይሠራል።

ሰኔ ላይ ያፈርሰዋል። በሰኔ 14 አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው በ12፡46 ገደማ ሲሆን ሰቆጣ ላይ በ12፡52 ገደማ ነው። አሁን ሰቆጣ ቀዳሚ መሆኗ ቀርቶ 5 ደቂቃ ያህል ወደ ኋላ ቀርታለች። ታኅሣሥ 12 ላይ ደግሞ ተገልብጦ አዲስ አበባ 12፡11፣ ሰቆጣ 12፡03 ገደማ ይሆናል። ልዩነቱ ከ8 ደቂቃ መቅደም እስከ 5 ደቂቃ መዘግየት ይወዛወዛል። መጠኑ ብቻ ሳይሆን ምልክቱም ይቀያየራል፤ የሚደመረው የሚቀነስ ይሆናል። ምክንያቱ ከኬንትሮስ የሚመጣው 1 ደቂቃ ቋሚ ሲሆን ከኬክሮስ የሚመጣው ግን ፀሐይ በዚያ ቀን ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ካዘነበለችበት መጠን ጋር የተሳሰረ መሆኑ ነው። ሰኔ ላይ ወደ ሰሜን ስታዘነብል የሰሜኑ ቀን ይረዝማል።

ይህ ለጿሚ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። በ2007፣ በ2008 እና በ2009 ዓ.ም. ረመዷን ሰኔ ላይ ነበር። በእነዚያ ቀኖች ሰቆጣ ተቀምጦ በአዲስ አበባ ሰዓት ያፈጠረ ሰው ፀሐይ ሳትጠልቅ 5 ደቂቃ ቀድሞ አፍጥሯል። ሱሑሩም አልተረፈም። የፈጅር ማዕዘን 18 ዲግሪ ተወስዶ ቢሰላ፣ ሰኔ 14 ላይ ፈጅር በሰቆጣ ሌሊት 10፡41 ሲሆን በአዲስ አበባ 10፡50 ነው። የአዲስ አበባን ሰዓት የጠበቀ ሰው ሰቆጣ ላይ ጎሕ ከቀደደ በኋላ 9 ደቂቃ ያህል በልቷል። የዚያ ጾም ብይን ለዑለማዎቻችን የሚተው ነው፤ እኛ የምንለው ስለ ኮዱ ነው። ታኅሣሥ ላይ ግን ያው ስሕተት ጿሚውን 8 ደቂቃ አዘግይቶ ያስፈጥረዋል፣ ሱሑሩንም ትንሽ ቀደም ብሎ ያስቆመዋል። ማፍጠርን ማቻኮል ሱና በመሆኑ ይህም ጉድለት ነው፤ ጾሙን ግን አይነካም። ፕሮግራሙን ታኅሣሥ ላይ የፈተነ ሰው «ደኅና ነው» ብሎ ይለቀዋል፤ ጉዱ የሚወጣው ከስድስት ወር በኋላ ነው። ስለዚህ የዚህ ዓይነት ስክሪፕት ስትጽፉ ዛሬን ብቻ አትፈትኑ፤ ሰኔንና ታኅሣሥን በእጃችሁ አስገቡና እዩ።

እስካሁን ሁለት ወገን ብቻ እንዳለ አድርገን ተናገርን። በተግባር ግን ሦስተኛ ወገን አለ፤ «ቅንብር» እንበለው። በስሌቱ መሐል አይቀየርም፣ ከተጠቃሚ ወደ ተጠቃሚ ግን ይለያያል። ዐስርን ተመልከቱ። በሻፊዒይ መዝሀብ የአንድ ነገር ጥላ፣ የእኩለ ቀኑ ጥላ ሳይቆጠር፣ የነገሩን ቁመት ሲያክል ዐስር ይገባል፤ በሐነፊይ እጥፉን ሲያክል። በእኛ አገር ሻፊዒይ ይበዛል፤ ወሎ ውስጥ ግን ሐነፊይም ሥር አለው። እንግዲህ ያ ቁጥር 1 ነው ወይስ 2? ኮዱ ውስጥ 1 ብሎ ቸንክሮ የተወ ሰው ለግማሹ ጀመዓ ጽፏል። የፈጅር ማዕዘንም እንደዚሁ ነው፤ የዓለም ሙስሊሞች ሊግ 18 ዲግሪ ሲወስድ የግብፁ አቆጣጠር 19.5፣ የሳዑዲው ኡሙል ቁራ 18.5 ይወስዳል። ከሁሉ የሚገርመን ኡሙል ቁራ ዒሻን የሚያወጣበት መንገድ ነው፤ ከመግሪብ 90 ደቂቃ በኋላ። ይህን ያየ ፕሮግራመር «አልሐምዱሊላህ፣ አንድ ቋሚ ተገኘ» ይላል። በረመዷን ግን 120 ይሆናል!

የካርታችን መነሻ እንግዲህ እንዲህ ቢጻፍ ይሻላል፦

ቋሚ የካዕባ_ኬክሮስ = 21.4225
ቋሚ የካዕባ_ኬንትሮስ = 39.8262
ቅንብር ኬክሮስ = 12.63
ቅንብር ኬንትሮስ = 39.03
ቅንብር የዐስር_ጥላ = 1
ቅንብር የፈጅር_ማዕዘን = 18
ተለዋዋጭ ቀን = ዛሬ
ተለዋዋጭ መጥለቂያ = አስላ(ቀን፣ ኬክሮስ፣ ኬንትሮስ)

የሰቆጣን ኬክሮስ ቋሚ ሳይሆን ቅንብር ማድረጋችንን ልብ በሉ። ለጨዋታው ቋሚ ቢባልም ይሠራ ነበር፤ ከተማ አትሄድምና። ነገ ግን አንዱ ካርታውን ወደ ኮረም ወይም ወደ ጅማ መውሰድ ቢፈልግ አንድ መስመር ቀይሮ ይጨርሳል።

ይህ አስተሳሰብ ከኮምፒውተር ጋር የመጣ አይደለም። በ14ኛው መቶ ዘመን በደማስቆው የኡመያ መስጂድ ሙወቂት፣ ማለትም የሶላት ሰዓት ጠባቂ ሆነው ከሠሩ ሊቃውንት አንዱ ሸምሱዲን አልኸሊሊ ነበር። ለደማስቆ ኬክሮስ ብቻ የሚሆን ሰፊ ሰንጠረዥ አዘጋጀ። እዚያ አላቆመም፤ ለየትኛውም ኬክሮስ የሚያገለግሉ ረዳት ሰንጠረዦችን ጨመረበት። በእኛ ቋንቋ ስናስቀምጠው ኬክሮስን ከቋሚነት አውጥቶ ቅንብር አደረገው። የቂብላ ሰንጠረዡ ደግሞ ከ10 እስከ 56 ዲግሪ ኬክሮስ ይሸፍናል። የሰቆጣ 12.63 ከውስጥ ይገባል፤ አዲስ አበባ በ9.03 ለጥቂት ከጠርዙ ውጭ ቀርታለች። አልጎሪዝም የሚለው ቃል ራሱ ከአልኸዋሪዝሚ ስም የመጣ መሆኑን ለዚህ መጽሔት አንባቢ መንገር አያስፈልገንም።

ቋሚ መስለው የሚያታልሉ ሌሎችም አሉ። «የረመዷን_ቀናት = 30» ብሎ የጻፈ ወር 29 ሲሆን የዒዱን ሶላት ያሳልፋል። «የጳጉሜን_ቀናት = 5» በየአራት ዓመቱ ያስቸግራል። ከግሪንዊች የ3 ሰዓት ልዩነታችን ለኢትዮጵያ ቋሚ ነው፤ ያንኑ ኮድ ካይሮ ለሚማር ወንድም ብትልኩለት ግን ግብፅ በ2023 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የበጋ ሰዓት መልሳ ስለጀመረች ግማሹን ዓመት በአንድ ሰዓት ይስታል። ሌላው ደግሞ ስሙ ተለዋዋጭ ሆኖ ግብሩ ቋሚ የሆነ ነው። መጥለቂያው ጨዋታው ሲከፈት አንድ ጊዜ ብቻ ተሰልቶ ከተቀመጠ፣ ተጫዋቹ ካርታው ላይ ሦስት ወር ቢኖርም አዛኑ የመጀመሪያውን ቀን ሰዓት ይዞ ይቀራል። ስሌቱ ቀን በተቀየረ ቁጥር መደገም አለበት። ይህ ስሕተት ምንም ዓይነት ቀይ መልእክት ስለማያወጣ ለማግኘት ከሁሉም ይከብዳል።

በመጨረሻ ቂብላ። ከላይ ባሉት ቁጥሮች ሲሰላ የሰቆጣ ቂብላ ከእውነተኛው ሰሜን ወደ ምሥራቅ 5 ዲግሪ ያህል ነው። የአዲስ አበባም ወደ 5 ዲግሪ ይጠጋል፤ ስለዚህ «ቂብላ = 5» ብሎ የጻፈ ሰው በሁለቱም ከተሞች ፈትኖ ልክ ነኝ ሊል ይችላል። ጅማ ሲደርስ ግን ከ11 ዲግሪ ያልፋል፤ ጅግጅጋ ላይ ጭራሽ ወደ ምዕራብ ዞሮ 13 ዲግሪ ያህል ይሆናል። ቂብላ ከቋሚዎችና ከቅንብሮች የሚሰላ ውጤት ነው፤ በእጅ አይጻፍም። ኮምፓስ የሚያሳየው ሰሜንም ከእውነተኛው ሰሜን ትንሽ የሚለይ፣ በዓመታትም የሚንቀሳቀስ መሆኑን ጨምራችሁ አስቡ።

ስሌታችሁን ያለ ኮምፓስ መፈተን ከፈለጋችሁ ቀላል መንገድ አለ። በግንቦት 20 አካባቢ ከቀኑ 6፡18 ላይ፣ እንደገናም በሐምሌ 9 አካባቢ ከቀኑ 6፡27 ላይ ፀሐይ በቀጥታ ከካዕባ አናት ላይ ትሆናለች። ሳዑዲና ኢትዮጵያ በአንድ የሰዓት ክልል ስለሆኑ ሰዓቱን መለወጥ አያስፈልግም። በዚያ ደቂቃ 1 ሜትር ዘንግ ቀጥ አድርጋችሁ ሜዳ ላይ ትከሉ። ሰቆጣ ላይ ጥላው 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ወደ ደቡብ ይወድቃል። ከጥላው ጫፍ ወደ ዘንጉ ሥር የሚሄደው መስመር ቂብላው ነው። ስክሪፕታችሁ የሚያወጣውን ማዕዘን ከእሱ ጋር አስተያዩት።